ሳይነኩ መዳሰስ፦ ቫይረስ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ

ከቀጭን መርፌ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። መርፌው ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ተለቆበታል። ጠብታዋ መጀመሪያ ታብጣለች፤ ቀጥሎ ጫፏ እየሾለ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ከሹሉ ጫፍ ረቂቅ ጉም መርጨት ትጀምራለች። በጉሙ ውስጥ ያሉት ነጠብጣቦች እየበረሩ ይተናሉ። ውኃው ሲያልቅ የሚቀረው በውስጡ የነበረው ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቻርጁን ተሸክሞ፣ አየሩ ወደተመጠጠ ክፍል እየተሳበ ይገባል።

ጌሪ ሲውዝዳክና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ፣ በስክሪፕስ የምርምር ተቋም ይህን ሲያደርጉ በጠብታዋ ውስጥ የነበረው የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ነበር። ሥራው የታተመው በ1996 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተመራማሪዎቹ ቫይረሶቹ በሚበሩበት መንገድ ላይ ግሊሰሪን የተቀባ የናስ ሳህን አስቀመጡ። ሳህኑ ላይ ያረፈውን ሰብስበው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ዘንግ መሰሎቹ ቫይረሶች እንዳሉ ናቸው፤ አልተሰባበሩም፣ አልቀለጡም። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የተረጋገጠው ቅርፅ ብቻ በሆነ ነበር፤ ቅርፅ ደግሞ በድንም ይኖረዋል። ስለዚህ የተሰበሰበውን ቫይረስ ጤነኛ የትምባሆ ተክል ላይ አደረጉት። ተክሉ ታመመ።

የዚህ ቫይረስ ቅርፊት ከ2,130 ተመሳሳይ ፕሮቲኖች የተገነባ ነው። ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ያቆማቸው ጠንካራ ኬሚካላዊ ማሰሪያ አይደለም፤ ደካማ መሳሳቦች ተደማምረው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከውኃ ወጥቶ፣ በኤሌክትሪክ ተወርውሮ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ በርሮ፣ ብረት ላይ አርፎ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ሥራውን መሥራት ከቻለ፣ ስለ አካሉ ብዙ የሚነገር ነገር አለ ማለት ነው።

ኮቪድ 19 ከመጣ ወዲህ ቫይረስን የምናውቀው በፊደል ነው። ዴልታ፣ ኦሚክሮን፣ ይህ ሚውቴሽን፣ ያ ሚውቴሽን እያልን የዘረመል ጽሑፉን ለውጥ ስንከታተል ከረምን። ጽሑፉ አያስፈልግም የሚል የለም። ግን ቫይረስ ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ዕቃም ነው። ርዝመት አለው፣ ክብደት አለው፣ ገላው ላይ ቻርጅ አለው። አሸዋ ውስጥ ሲያልፍ ተጣብቆ ይቅር ወይስ ያምልጥ፣ ማጣሪያው ይያዘው ወይስ ይልቀቀው የሚለውን በቀጥታ የሚወስነው ይኸው ዕቃነቱ ነው።

ዕቃው ግን በመቆንጠጫ የሚያዝ አይደለም። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ርዝመቱ 300 ናኖሜትር፣ ውፍረቱ 18 ናኖሜትር ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት ከሦስት ሺህ በላይ ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ መሰለፍ አለባቸው። ከሩቅ የሚደርስበት ነገር ቢኖር ኤሌክትሪክ ነው፤ ምክንያቱም ቫይረሱ ራሱ ቻርጅ ተሸካሚ ነው። መስክ ሲከፈትበት ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይሳባል፣ ይገፋል። እንዴት እንደሄደና በምን ያህል ጊዜ እንደዞረ የለካ ሰው ምን ዓይነት አካል እንዳለው ማስላት ይችላል።

ቻርጁ ከየት መጣ?

የቫይረስ ቅርፊት ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ከአሚኖ አሲዶቹ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ አስፓርቲክ አሲድና ግሉታሚክ አሲድ፣ ውኃ ውስጥ ሲገቡ አንድ የሃይድሮጅን አዮን ይለቅቁና ኔጋቲቭ ሆነው ይቀራሉ። ላይሲንና አርጂኒን በተቃራኒው አንድ ይወስዱና ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ስንቱ ለቀቀ፣ ስንቱ ወሰደ የሚለውን የሚወስነው የውኃው አሲድነት፣ ማለትም ፒኤች ነው። አሲድ ሲጨመር ውኃው በሃይድሮጅን አዮን ይሞላል፤ ኔጋቲቭ የነበሩት ቦታዎች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ተካክሎ ድምሩ ዜሮ ይሆናል። ይህ ፒኤች የቫይረሱ አይሶኤሌክትሪክ ነጥብ ይባላል። እዚያ ላይ ያለ ቫይረስ ኤሌክትሪክ ቢለቀቅበትም ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከአምሳያዎቹ ጋር መገፋፋቱም ስለሚቀር ብዙ ጊዜ ተጓጉሎ ይዘቅጣል።

የአብዛኞቹ ቫይረሶች አይሶኤሌክትሪክ ነጥብ ከ3.5 እስከ 7 ባለው ውስጥ ይወድቃል። የትምባሆው ወደ 3.5 ነው። የወንዝና የቧንቧ ውኃ ፒኤች አብዛኛውን ጊዜ 7 አካባቢ ስለሆነ፣ እዚያ የሚገኙት ቫይረሶች በብዛት ኔጋቲቭ ናቸው፤ መስክ ሲከፈት ወደ ፖዘቲቩ ኤሌክትሮድ ይጓዛሉ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል። የሚያወሳስበው ጨው ነው። ኔጋቲቭ የሆነ ቫይረስ ራቁቱን አይቆምም፤ ከውኃው ውስጥ ፖዘቲቭ አዮኖችን እየሳበ እንደ ጋቢ ይደርባቸዋል። የዚህ የአዮን ጋቢ ውፍረት በጨው መጠን ይወሰናል። ጨው በጣም ባነሰበት ውኃ፣ በሊትር አንድ ሺኛ ሞል ብቻ ባለበት፣ ወደ 10 ናኖሜትር ይደርሳል። የደምን ያህል ጨዋማ በሆነ ፈሳሽ ግን ከ1 ናኖሜትር ያንሳል። ኢ. ኮላይ ባክቴሪያን የሚያጠቃው ኤምኤስ2 የተባለ ቫይረስ ከዳር እስከ ዳር 27 ናኖሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በአንዱ ውኃ የለበሰው ነገር ገላውን ሊያህል ይቃረባል፤ በሌላው ያለም አይመስልም።

እኔ ከዚህ ሁሉ ጥናት የምይዘው አንድ ነገር አለ። «ይህ ቫይረስ ስንት ቻርጅ አለው?» የሚለው ግማሽ ጥያቄ ነው፤ ቀሪው ግማሽ «በምን ውኃ ውስጥ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ጠይቆ ቁጥር የሚደረድር ሰንጠረዥ ሳይ እጠራጠራለሁ። ሁለት ቤተ ሙከራዎች አንዱን ቫይረስ ለክተው የተለያየ መልስ ሲያገኙ፣ ስሕተት ከመፈለግ በፊት የሁለቱን ፈሳሽ መጠየቅ ይሻላል።

ከቅዝቃዜው ቱቦ

ስዊድናዊው አርነ ቲሴሊዩስ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የቴዎዶር ስቬድበርግ ደቀ መዝሙር ነበር። በ1930 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ስለሚያደርጉት ጉዞ ነበር። ስሙን ያስጠራውን የተሻሻለ መሣሪያ ያስተዋወቀው ግን በ1937 ነው። የመሣሪያው ልብ የዩ ቅርፅ ያለው የመስታወት ቱቦ ነው። ከታች ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ፣ ከላይ ንጹሕ ፈሳሽ፣ በሁለቱ በኩል ኤሌክትሮድ። ኤሌክትሪኩ ሲከፈት ፕሮቲኑ ይሄዳል፤ ፕሮቲኑ ሲሄድ በሁለቱ ፈሳሾች መካከል ያለው ድንበር አብሮት ይሄዳል። ድንበሩ ላይ ብርሃን ስለሚታጠፍ ጉዞው በፎቶግራፍ ይያዛል።

ያስቸገረው ሙቀት ነበር። ጨዋማ ፈሳሽ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል፤ የሞቀው ወደ ላይ፣ የቀዘቀዘው ወደ ታች ይልና ድንበሩ ይደፈርሳል። ቲሴሊዩስ መፍትሔውን ያገኘው ከውኃ ጠባይ ነው። ውኃ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ትንሽ ቢሞቅ ወይም ቢቀዘቅዝ እፍጋቱ እምብዛም አይለወጥም፤ ስለዚህ አይናወጥም። ቱቦውን በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ አስገብቶ መሥራት ያቺን ጥርት ያለች ድንበር አተረፈለት። በ1948 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

ቫይረስም ኡፕሳላ ለመድረስ አልዘገየም። በ1935 ዌንደል ስታንሊ በፕሪንስተን፣ በሮክፌለር ተቋም ቤተ ሙከራ፣ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን በክሪስታል መልክ ማውጣቱን አስታወቀ። ሕያው ነው የተባለ ነገር በብልቃጥ ውስጥ ክሪስታል ሆኖ መቀመጡ ብዙ አከራከረ፤ ሕይወት ነው ወይስ ኬሚካል? በሚቀጥለው ዓመት ስቬድበርግና ኢንጋ-ብሪታ ኤሪክሶን-ክዌንሰል የዚያኑ ቫይረስ ዝቅጠትና የኤሌክትሪክ ጉዞ ለክተው አሳተሙ። ክርክሩ እስኪያበቃ አልጠበቁም። ሕያውም ይሁን ግዑዝ፣ በመስክ ውስጥ የሚሄድ ነገር ፍጥነት አለው፤ ፍጥነት ያለው ነገር ደግሞ ይለካል።

የጨለማው ብልጭታ

ከሁሉም ሥራዎች እኔን የሚማርከኝ ቀጥሎ የመጣው ነው፤ ቫይረሱ ሲሄድ ሳይሆን ሲዞር ማየት።

ሁለት የብርሃን ማጣሪያዎች፣ ፖላራይዘር የሚባሉት፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተሻግረው ሲቀመጡ ብርሃን አያሳልፉም። በመካከላቸው የቫይረስ ዘንጎች የሚዋኙበት የመስታወት ዕቃ ይቀመጥ። ዘንጎቹ በየአቅጣጫው ስለሚገላበጡ ፈሳሹ ከውኃ አይለይም፤ ጨለማው ጨለማ ነው። አሁን ለአጭር ቅጽበት ቮልት ይለቀቅበት። ዘንጎቹ በመስኩ አቅጣጫ መሰለፍ ይጀምራሉ፤ የተሰለፈ ዘንግ ያለበት ፈሳሽ ብርሃኑን ያጣምመዋልና ከሁለተኛው ማጣሪያ በስተጀርባ ብልጭታ ይታያል። ቮልቱ ሲጠፋ የውኃ ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው እየገፈተሩ ዘንጎቹን መልሰው ይበትኗቸዋል፤ ብርሃኑም ይከስማል።

ኤሌክትሪክ የብርሃንን ጠባይ በቁስ ውስጥ እንደሚለውጥ ያሳየው ስኮትላንዳዊው ጆን ኬር ነው፤ ዘመኑ 1875። ማክስ ላውፈር በ1939 ይህን ዓይነት ክስተት በቫይረስ ፈሳሽ ላይ መርምሯል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ቼስተር ኦኮንስኪና ብሩኖ ዚም በ1950 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት አጭር ጽሑፍ ግን ትኩረቱን ወደ መክሰሙ አዞረው። የትምባሆው ቫይረስ ብልጭታ የሚከስመው በግማሽ ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ አንድ ሰከንድ ሁለት ሺህ ቦታ ተከፍሎ አንዷ ማለት ነው። ዓይን አይደርስበትም። ይህን የሚይዝ የብርሃን መቀበያና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በቤተ ሙከራ የተስፋፋው በዚያው ዘመን ነው።

ከመክሰሙ የሚገኘው ርዝመት ነው። ረጅም ዘንግ ውኃ ውስጥ ለመዞር ይቸገራል፤ ችግሩ የሚጨምረውም በርዝመቱ ልክ ሳይሆን ወደ ርዝመቱ ሦስተኛ እርከን በሚጠጋ መጠን ነው። ዘንጉ እጥፍ ሲረዝም ጊዜው ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ ብልቃጡ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ጫፍ ለጫፍ የተጣበቁ ቫይረሶች ካሉ መደበቅ አይችሉም፤ ሌላው ከስሞ ሲያበቃ የእነሱ ብርሃን ገና ይጎተታል። የተሰባበሩም ካሉ ቀድመው ይከስማሉ። አንዲት የምትወርድ መስመር የብልቃጡን ነዋሪዎች በቁመት ትለያቸዋለች።

ቆይቶ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፦ ዘንጉ ለምን ይሰለፋል? አንደኛው ግምት፣ አንዱ ጫፉ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ ሆኖ ስለተሠራ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ዘንጉ ራሱ ሁለት ምሰሶ የለውም፤ መስኩ ሲመጣ ግን ዙሪያውን ያሉት አዮኖች በዘንጉ ርዝመት ተንሸራተው ወደ አንዱ ጫፍ ስለሚከማቹ ጊዜያዊ ምሰሶ ይፈጠራል የሚል። በኦኮንስኪ ቤተ ሙከራ የዳበረው መለያ ብልሃት ቀጥተኛ ነው፤ ዘንጎቹ ተሰልፈው እንዳሉ መስኩን በድንገት ወደ ተቃራኒው ማዞር። ቋሚ ምሰሶ ያለው ዘንግ ራሱን ሊገለብጥ ይገደዳል፤ ሲገለበጥ ሰልፉ ለጊዜው ስለሚፈርስ ብርሃኑ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል። ምሰሶው ከአዮኖቹ የመጣ ከሆነ ግን አዮኖቹ ብቻ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ዘንጉ አይነቃነቅም፤ ብርሃኑም አይወርድም። ኦኮንስኪና ባልደረባው ሃልትነር በ1957 ባሳተሙት ጥናት የትምባሆው ቫይረስ የሚሰለፈው በአዮኖቹ መንሸራተት ነው ወደሚለው አደሉ። መስኩ የያዘው ከገላው ይልቅ የደረበውን ነው።

ጥቂት ቮልት፣ ብዙ ጉልበት

ኸርበርት ፖል በ1951 ዳይኤሌክትሮፎሬሲስ ብሎ የሰየመው ክስተት ቻርጅ የሌለውን ነገር ሳይቀር ያንቀሳቅሳል። የሚያስፈልገው መስኩ እዚህ ጠንካራ፣ እዚያ ደካማ እንዲሆን ነው። በውስጡ ያለው ቅንጣት ከውኃው ይበልጥ ለመስኩ የሚታዘዝ ከሆነ ወደ ጠንካራው ቦታ ይሳባል፤ ካነሰ ወደ ደካማው ይገፋል። መስኩ ተለዋዋጭ ስለሆነ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚገለባበጥ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው፣ መልሱን ይለውጠዋል።

ለረጅም ጊዜ ይህ ለቫይረስ አይሠራም ተብሎ ነበር የሚታሰበው፤ ኃይሉ በይዘት ልክ ስለሚወርድ ለቫይረስ የሚደርሰው ኢምንት ነው፣ የውኃው ግፊያ ይበልጠዋል። መፍትሔው የመጣው ከኮምፒዩተር ቺፕ አሠራር ነው። በመካከላቸው ሁለት ማይክሮሜትር ብቻ ክፍተት ያላቸው ኤሌክትሮዶች ላይ 5 ቮልት ቢለቀቅ፣ በክፍተቱ ውስጥ ያለው መስክ በሜትር 2.5 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። ከተራ ባትሪ ድንጋዮች የሚገኝ ቮልት ቫይረስን ይዞ ያቆማል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀርመን ተመራማሪዎች ቫይረሶችን በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ መስክ አጥረው አስቀመጡ፤ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ኸይዌል ሞርጋንና ኒኮላስ ግሪን በ1997 የትምባሆውን ዘንግ እንዲህ ያዙ፤ በ1998 ደግሞ ሞርጋን ያለበት ቡድን የአፍ ቁስል የሚያመጣውን ኸርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ያዘ።

ኸርፒስ ለዚህ ሥራ ጥሩ ተማሪ ነው። እንደ ትምባሆው ባለ አንድ ቅርፊት አይደለም፤ በዘረመሉ ዙሪያ የፕሮቲን ቅርፊት፣ በቅርፊቱ ዙሪያ ሌላ የፕሮቲን ንጣፍ፣ ከሁሉም ውጪ ከሕዋስ የወሰደው የስብ ሽፋን አለው። ስብ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ መስኩ ሽፋኑን አልፎ አይገባም፣ የሚያየው ላዩን ብቻ ነው። ፍሪኩዌንሲው ወደ ሚሊዮኖች ሲወጣ ውስጡ መታየት ይጀምራል። ኸርፒስ የሆነ ፍሪኩዌንሲ ድረስ እየተሳበ ሄዶ ከዚያ በላይ ይገፋል፤ የሚገለበጥበት ቦታ ሽፋኑ ምን ያህል ቻርጅ እንደሚያከማች፣ ውስጡ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ይናገራል። ሽፋኑ ሲጎዳ የመገለበጫው ቦታ ይዛወራል።

በአንጻሩ የተመራማሪው ዴብሎይስ ዘዴ አንድ አንቀጽ አይሞላም፤ ይህን የምለው ግን ለቀላልነቱ ክብር ነው። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ፣ በስስ ፕላስቲክ ላይ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰች ቀዳዳ ተበጀች፤ በጨዋማ ውኃ በኩል ኤሌክትሪክ አለፈባት። ቫይረስ ቀዳዳዋ ውስጥ ሲገባ ቦታውን ይዞ የነበረውን ውኃ ይተካና ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ይቀንሳል። የቅናሹ መጠን የቫይረሱን ይዘት ይነግራል። በ1977 ባክቴሪያ የሚያጠቃው ቲ2 እና ጥቂት የእንስሳት ቫይረሶች እንዲህ እየተቆጠሩ ተለኩ።

አሸዋ፣ ዝናብ፣ ፖሊዮ

ቤተ ሙከራ ውስጥ ዛሬ የቫይረስን ቻርጅ የሚለካ ሰው እንደ ቲሴሊዩስ አይደክምም። ናሙናውን በሲሪንጅ ወደ ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ያስገባል፣ አረፋ እንዳይቀር ጣቱን ቀስ እያደረገ መታ መታ ያደርገዋል፣ ማሽኑ ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ይዘጋል። ሌዘሩ ከሚጓዙት ቫይረሶች ላይ ሲነጥር ቀለሙ በእጅጉ ጥቂት ይለወጣል፤ ከለውጡ ፍጥነት ይሰላል። ደቂቃዎች ውስጥ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይወጣል። ፈሳሹ ብዙ ጨው ካለበት ግን ዕቃውን ሲያወጡት በወርቅ የተለበጠው ኤሌክትሮድ ጠቁሮ ይገኛል፤ ኤሌክትሪኩ በዝቶ ናሙናውን አብስሎታል።

ቁጥሩም ቢሆን በጥሬው የሚታመን አይደለም። ማሽኑ ፍጥነትን ወደ ቮልት የሚለውጥበት ቀመር የተሠራው ጠጣር ለሆነና ቻርጁ ገጹ ላይ ብቻ ላለ ቅንጣት ነው። ቫይረስ ደግሞ ውኃና አዮን የሚዘልቀው፣ ውስጡ ኔጋቲቭ አርኤንኤ ወይም ዲኤንኤ የታጨቀበት ነገር ነው። ጃፓናዊው ሂሮዩኪ ኦሺማ ለእንዲህ ዓይነቱ ለስላሳ ቅንጣት የተለየ ስሌት አበጅቷል፤ ኤምኤስ2ን የመሰሉ ቫይረሶች ላይ ሲሞከርም ከተለመደው ቀመር የተለየ ሥዕል ይሰጣል። ሆኖም ማሽኖቹ የድሮውን ቁጥር ማተማቸውን ቀጥለዋል፤ ጽሑፎችም መቅዳታቸውን።

ይህ የሊቃውንት ንትርክ ብቻ አይደለም። የአሸዋ ገጽ በተራ ውኃ ውስጥ ኔጋቲቭ ነው፤ ቫይረሱም በአብዛኛው ኔጋቲቭ። በአሸዋ ፍሬዎች መካከል ያለው ክፍተት ከቫይረሱ እጅግ ስለሚሰፋ በወንፊትነት አያገለግልም፤ ቫይረሱን የሚያስቀረው መጣበቅ ብቻ ነው። ውኃው ካልሲየምና ሌላ ጨው ሲኖረው መገፋፋቱ ስለሚዳከም ቫይረሱ ተጠግቶ ይያዛል። ከዚያ ጨው የሌለው የዝናብ ውኃ ሲወርድበት መገፋፋቱ ይመለሳል፤ ተይዞ የነበረው ቫይረስ ተላቅቆ ወደ ጥልቁ ውኃ ሊሄድ ይችላል። የጉድጓድ ውኃን ከመጸዳጃ ቤት ስለማራቅ የሚያስብ ባለሙያ ዝናብን የሚፈራው በጎርፉ ብቻ አይደለም።

ይኸው ጠባይ ለጥቅምም ይውላል። ከብዙ ሊትር ውኃ ውስጥ ጥቂት ቫይረሶችን ለማጥመድ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ማጣሪያ ይዘረጋል፤ ኔጋቲቮቹ ቫይረሶች ይለጠፉበታል። ለማላቀቅ ደግሞ ፒኤቹ ከ9 በላይ የሆነ፣ ከበሬ ሥጋ የተጨመቀ የፕሮቲን ፈሳሽ ይፈስበታል። ማጣሪያው ቻርጁን ያጣል፣ ፕሮቲኑም ቦታውን ይሻማል፤ ቫይረሱ ይለቃል።

ፖሊዮ ግን በአንድ ቁጥር የሚገለጽ ሆኖ አልተገኘም። ማንደል የተባለ ተመራማሪ በ1971 እንዳሳየው አንዱ ዓይነት የፖሊዮ ቫይረስ ሁለት አይሶኤሌክትሪክ ነጥቦች አሉት፤ አንዱ 7 አካባቢ፣ ሌላው 4.5 አካባቢ። ቫይረሱ በሁለት አቋም መካከል ይመላለሳል፤ በአንዱ አቋም የተደበቀው ክፍል በሌላው ብቅ ይላል። ፀረ እንግዳ አካል ሲይዘው ነጥቡ ከ7 አካባቢ ወደ 4 ይወርዳል። ከፀረ እንግዳ አካሉ ጥቂቱ ተለጥፎ የመላው ቅርፊት አቋም መለወጡን የጠቆመው ይህ የኤሌክትሪክ ልኬት ነበር።

ባዶና ሙሉ

ወደሚበሩት ቫይረሶች ስንመለስ፣ በመርፌ ጫፍ መርጨትን ለትልልቅ ሞለኪውሎች ያበቃው አሜሪካዊው ጆን ፌን ነው። በ2002 ኖቤል ሲሸለም 85 ዓመቱ ነበር፤ ዋናውን ሥራ የሠራው የዬል ዩኒቨርሲቲ የጡረታ ዕድሜ ከደረሰ በኋላ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በሱ ዘዴ የፕሮቲን ክብደት መለካት ተለመደ። የቫይረስ ግን አስቸገረ። ማሽኑ የሚለካው ክብደትን ብቻውን አይደለም፤ ክብደት ለቻርጅ ተካፍሎ ነው። ለፕሮቲን ቻርጁ ከምልክቶቹ አሰላለፍ ይገመታል። ከመቶ በላይ ቻርጅ በሚሸከም ቫይረስ ላይ ግን ምልክቶቹ ተደራርበው አንድ ጉብታ ይሆናሉ።

የተገኘው መውጫ ቫይረሶቹን አንድ በአንድ ማሳለፍ ነው። እያንዳንዱ ቫይረስ በብረት ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ በቱቦው ላይ የራሱን ቻርጅ የሚያህል ተቃራኒ ምልክት ያሳርፋል። ቻርጁ ታወቀ ማለት ነው፤ ከፍጥነቱ ጋር ሲሰላ ክብደቱ ይገኛል። በ2001 የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ሰዎች ከሲውዝዳክ ጋር ሆነው ሁለት ቫይረሶችን እንዲህ መዘኑ። አንዱ የትምባሆው ነው፤ ወደ 40 ሚሊዮን ዳልተን ወጣ፤ አንድ ዳልተን የአንድ ሃይድሮጅን አቶምን ያህላል። ሌላው የአፍሪካን የሩዝ ማሳ የሚያጠፋውና በ1966 በኬንያ የታወቀው የሩዝ ቢጫ ዝንጉርጉር ቫይረስ ነው፤ 6.5 ሚሊዮን ዳልተን።

የዚያን ጊዜው ልኬት ሻካራ ነበር፤ ቫይረሱ አንዴ ብልጭ ብሎ ስለሚያልፍ ስሕተቱ ይበዛል። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ጃሮልድና ተማሪዎቹ ቱቦውን በሁለት የኤሌክትሪክ መስታወቶች መካከል አስገቡት፤ ቫይረሱ ወዲያና ወዲህ እየተንጸባረቀ በመቶዎችና በሺዎች ጊዜ ያልፍበታል። ድግግሞሹ አንዱን ቁጥር፣ የምልክቱ ከፍታ ሌላውን ይሰጣል።

ይህ መሣሪያ ካልታሰበበት አቅጣጫ ገበያ መጣለት። ከዘረመል ሕክምናዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ኤኤቪ በተባለ ትንሽ ቫይረስ ነው። ቅርፊቱ 60 ፕሮቲኖች አሉት፤ የራሱ ዘረመል ወጥቶ ለበሽተኛው የሚያስፈልገው ይገባበታል። በ2019 አሜሪካ የፈቀደችው ዞልጌንስማ፣ ጡንቻቸው በውርስ በሽታ ለሚዝል ሕፃናት የሚሰጠው፣ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ዋጋው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ፤ መጠኑ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 110 ትሪሊዮን ዘረመል ተሸካሚ ቫይረስ። እንዲህ ዓይነት ቫይረስ ሲመረት ብዙዎቹ ቅርፊቶች ባዷቸውን ይወጣሉ። ከውጪ ሲታዩ ከሙሉዎቹ አይለዩም፤ የሰውነት መከላከያም እንደ ሙሉ ቆጥሮ ይነሣባቸዋል። መድኃኒት ግን አልያዙም።

ሚዛኑ ለያቸው። ባዶው ወደ 3.7 ሚሊዮን ዳልተን፣ ሙሉው ከ5 ሚሊዮን ትንሽ በላይ። የጃሮልድ ቡድን ከኖርዝ ካሮላይና ተመራማሪዎች ጋር በ2016 ባሳተመው ሥራ ደግሞ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ወገን ታየ፤ የተቆራረጠ ዘረመል የያዙ፣ ባዶም ሙሉም ያልሆኑ።

ከተለዩ በኋላ ማስወገዱ ሌላ ሥራ ነው፤ እሱም የሚሠራው በቻርጅ ነው። በቅርፊቱ ውስጥ የታሸገው ዲኤንኤ ኔጋቲቭ ስለሆነ ሙሉው ቫይረስ ከባዶው ትንሽ ይለያል፤ አይሶኤሌክትሪክ ነጥባቸው 5.9 እና 6.3 ገደማ ነው። አምራቾች ድብልቁን ፖዘቲቭ ገጽ ባለው ዓምድ ውስጥ ያሳልፉታል፤ ከዚያ ጨዉን ቀስ በቀስ ሲጨምሩ ባዶዎቹ ቀድመው ይለቃሉ፣ ሙሉዎቹ ዘግየት ይላሉ። ልዩነቱ ጠባብ ነው። ጨው ትንሽ ሲዛነፍ ወይም ፒኤች ከቦታው ፈቀቅ ሲል ሁለቱ ተደባልቀው ይወጣሉ። የኤኤቪ ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ የየአንዳንዳቸው ቅርፊት ላይ ያሉት አሚኖ አሲዶች ስለሚለያዩ ለኤኤቪ 9 የተመቸው ፈሳሽ ለኤኤቪ 2 አይመችም። በአዲስ ዓይነት መድኃኒት የሚጀምር ፋብሪካ የዓምዱን ጨውና ፒኤች እንደገና ከመጀመሪያው ይፈልጋል።